በስኳሩ ነው የሞቱት ወይስ በጉንፋኑ?

ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ይህን ክርክር ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። አንዱ «ጉንፋን ነው እኮ የያዛቸው፣ ሳምንት እንኳ አልተኙም» ይላል። ሌላው ቀበል አድርጎ «ኧረ ስኳሩ ነው! ከስንት ዓመት ጀምሮ ያመማቸው ነበር» ይላል። በኮሮና ጊዜ ክርክሩ ባሰበት። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ በየዜናው «ተጓዳኝ ሕመም ነበረባቸው» ሲባል እንሰማ ነበር፤ ብዙ ሰው ደግሞ «እንግዲያው ኮሮና አልገደላቸውም ማለት ነው» ብሎ ተረጋጋ።

መልሱ ሁለቱም ነው። ስኳሩ ብቻውን ቢሆን ሰውየው በክኒናቸውና በመርፌያቸው ገና ብዙ ዓመት ይቆዩ ነበር። ጉንፋኑም ብቻውን ቢሆን በሳምንቱ ተነስተው ዕድራቸው ስብሰባ ላይ ይገኙ ነበር። የገደላቸው የሁለቱ መገናኘት ነው። እንዴት እንደሚገናኙ ነው እንግዲህ ዛሬ የማወራው፤ ምክንያቱም እንዴት እንደሆነ የገባው ሰው ብዙውን ነገር ቤቱ ሆኖ ሊከላከለው ይችላል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። እኛ አፍንጫ ያፈሰሰውንም፣ ያንቀጠቀጠውንም፣ ያሳለውንም ሁሉ ጉንፋን ነው የምንለው። ከጀርባው ግን ብዙ ዓይነት ቫይረሶች አሉ። ራይኖቫይረስ የሚባለው ለብዙው ሰው አፍንጫ አፍስሶ የሚያልፍ ነው። ኢንፍሉዌንዛ አጥንት የሚሰብር፣ አልጋ ላይ የሚጥል ነው። አርኤስቪ የሚባለው ሕፃናትንና አዛውንቶችን አጥብቆ ይይዛል። ኮሮናም አልጠፋም፣ ከነዚሁ መሃል ተቀላቅሎ ይኖራል። በምልክት ብቻ የትኛው እንደሆነ መለየት ለሐኪምም ይከብደዋል። ስለዚህ ተጓዳኝ ሕመም ያለበት ሰው «የኔ ተራ ጉንፋን ነው» ብሎ በእርግጠኝነት መናገር አይችልም።

እኛ አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያለን ሰዎች ትራንስፎርመር ምን እንደሆነ እናውቃለን። በአዘቦት ቀን ችግር የለበትም፣ ይሠራል። የበዓል ዋዜማ ሁሉም ቤት ምጣዱን ሲሰካ ግን ድም ይላል። ምጣዶቹ ጥፋት የለባቸውም፤ ትራንስፎርመሩ ከመጀመሪያውም አቅሙን ጨርሶ ነበር። የሚቆይ ሕመም ያለበት ሰውነትም እንዲሁ ነው። ልቡ፣ ሳንባው፣ ኩላሊቱ የዕለት ተዕለቱን ይችላሉ፤ መጠባበቂያ የሚሆን ትርፍ አቅም ግን የላቸውም። ቫይረስ ደግሞ ትርፍ አቅም ይጠይቃል። ትኩሳቱ ብቻውን፣ ሙቀት በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የልብ ምትን በደቂቃ ወደ 10 ያህል ከፍ ያደርገዋል።

ከስኳር ልጀምር፤ ብዙ ቤት አለ፣ ብዙ ስህተትም የሚሠራው እዚያ ነው።

ቫይረስ ሲገባ ሰውነት አደጋ እንደመጣ ያውቅና ኮርቲሶልና አድሬናሊን የሚባሉ ሆርሞኖችን ይለቃል። እነዚህ ሆርሞኖች ጉበትን «ያከማቸኸውን ስኳር ልቀቅ» ይሉታል። ኢንሱሊንም እንደ ወትሮው እንዳይሠራ ያደርጉታል። ጤነኛ ሰው ቆሽቱ ተጨማሪ ኢንሱሊን አምርቶ ነገሩን ያስተካክላል፤ ሰውየውም ምንም ሳይታወቀው ያልፋል። የስኳር ሕመምተኛው ግን ይህን ማድረግ አይችልም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ አፉ ላይ ምንም ሳያደርግ ስኳሩ 300 ሊገባ ይችላል። ይህ ለብዙ ሰው አይዋጥም። «ምንም አልበላሁም እኮ፣ ከየት መጣ?» ይላሉ። ከራስ ጉበት ነው የመጣው።

ከዚያ ደግሞ የወጣው ስኳር በተራው ቫይረሱን ይረዳዋል። ደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ ነጭ የደም ሴሎች ይደነዝዛሉ። ወደ ተጎዳው ቦታ ቶሎ አይደርሱም፣ ሲደርሱም ጀርሙን ውጦ የመግደል ጉልበታቸው ይቀንሳል። ጉንፋኑ ስኳሩን ይሰቅላል፣ ስኳሩ ጉንፋኑን ያቆያል፤ እንዲህ እየተመጋገቡ ይሄዳሉ።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። አንዲት እናት ስኳር አለባቸው፣ ጉንፋን ይዟቸው ተኝተዋል። ምግብ አስጠላቸው። ልጅየው «እማዬ ምንም ስላልበላሽ ኢንሱሊኑን ዛሬ አትውጊ፣ ይወርድብሻል» ይላል። ከፍቅር ነው የሚለው። ከሰዓት በኋላ ጠያቂ ይመጣል፣ ባዶ እጅ አይገባማ፤ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ጁስ፣ አንዳንዱም ሁለት ጠርሙስ ለስላሳ ይዞ። ጎረቤት ደግሞ «ጉልበት ይሁንዎት» ብላ ስኳር የገባበት አጥሚት ታመጣለች። ማታ ዝንጅብል በማር። ማር መድኃኒት ነው፣ ማን ይከለክላል? በማግስቱ እኚህ ሴት ያስመልሳሉ፣ ቶሎ ቶሎና በጥልቀት ይተነፍሳሉ፣ ሆዳቸውን ይቆርጣቸዋል፣ ይደክማሉ፣ ንግግራቸው ይዘበራረቃል። ቤተሰቡ «ጉንፋኑ ጠናባቸው» ይላል። አይደለም። ኢንሱሊን ያጣው ሰውነት ስብ እያቃጠለ ደማቸው በአሲድ ተሞልቷል። ይህ በሰዓታት ውስጥ ሕይወት የሚያሳጣ ነገር ነው።

ስለዚህ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ታመመ ብሎ ኢንሱሊኑን ጨርሶ አያቆምም። መጠኑ ሊስተካከል ይችላል፣ እሱን ሐኪም ይወስናል፤ ማቆም ግን የለም። መለኪያው ካለ በየአራት ሰዓቱ ያህል መለካት ነው። ከ250 በላይ ሆኖ አልወርድ ካለ፣ በተለይ ማስመለስ ካለበት፣ ነገ እናያለን አይባልም። ክኒን ላይ ደግሞ ነገሩ ይለያል። ግሊቤንክላሚድ የሚወስድ ሰው ሳይበላ ከዋጠው ስኳሩ በጣም ሊወርድበት ይችላል። ሜትፎርሚንም ያስመለሰውና ፈሳሽ ያለቀበት ሰው ላይ ለጊዜው እንዲቆም ሐኪም ሊያዝ ይችላል። እና «የስኳር መድኃኒት ሲታመሙ ይቆማል ወይስ አይቆምም?» ለሚለው አንድ መልስ የለም፤ የትኛውን እንደምትወስዱ ማወቅ አለባችሁ። ለስላሳውንም ቢሆን ፈጽሞ አትጣሉት። ስኳር ከ70 በታች ሲወርድ፣ ላብ ላብ ሲል፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ ያኔ ነው ቦታው።

ወደ ልብ እንለፍ። ይህኛው ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው፤ ጉንፋንና ልብ ምን አገናኛቸው? እ.ኤ.አ. በ2018 ከካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት የወጣ ጥናት ኢንፍሉዌንዛ በላብራቶሪ የተረጋገጠባቸውን ሰዎች ተከታትሎ ነበር። ከምርመራው በኋላ ባሉት 7 ቀናት ውስጥ በሃርት አታክ ሆስፒታል የመግባት ዕድላቸው ከሌላው ጊዜ በ6 እጥፍ ገደማ ጨምሮ ተገኘ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። የብዙ ሰው የልብ ደም ሥር ውስጥ፣ በተለይ ግፊት፣ ስኳርና ኮሌስትሮል ባለበት ሰው፣ ለዓመታት የተጠራቀመ ስብ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይኖራል። ዝም ብሎ ከተቀመጠ ላይታወቅ ይችላል። ሰውነት ቫይረስን ሲዋጋ የሚነሳው መቆጣት ግን ሳንባ ላይ ብቻ አይቀርም፣ ደም ሥሮችንም ያዳርሳል። የተለጠፈው ስብ ይሰነጠቃል፣ ደሙም በዚያ ሰሞን ለመርጋት የፈጠነ ነው፤ ሥሩ ይዘጋል። ሰውየው በጉንፋን ሰሞን ደረቱን ይዞ ሲወድቅ ማን ጉንፋኑን ይጠረጥራል?

ልባቸው የደከመ፣ እግራቸው የሚያብጥ፣ የሚያሸና ክኒን የሚወስዱ ሰዎች ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። «ፈሳሽ በብዛት ውሰድ» የሚለው የሁላችንም ምክር። ለጤነኛ ሰው ጥሩ ነው። ሐኪም ፈሳሽ የመጠነለት የልብ ሕመምተኛ ግን በሦስት ሊትር ውሃና በሾርባ ሳንባው ውኃ ሊቋጥር ይችላል። ምክር ስንሰጥ ለማን እንደምንሰጥ እንይ።

ደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች በኮሮና መጀመሪያ ሰሞን በጣም ተደናግጠው ነበር። ኢናላፕሪልና መሰል የግፊት መድኃኒቶች ቫይረሱ ወደ ሴል የሚገባበትን በር ያበዛሉ የሚል ወሬ ዓለም ላይ ተናፍሶ፣ አንዳንዱ መድኃኒቱን ወረወረ። በኋላ በተሠሩ ጥናቶች መድኃኒቱን የቀጠሉት ካቆሙት የባሰ ነገር እንዳልገጠማቸው ታየ። ማቆሙ ነው የሚጎዳው፤ ግፊቱ ይፈነዳል። እኔ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ራስ ምታቱና ቁርጥማቱ ሲብስ ከሰፈር ፋርማሲ የሚገዛው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን። ኢናላፕሪልና የሚያሸና ክኒን ለሚወስድ፣ በዚያ ላይ በትኩሳት ፈሳሽ ለጎደለው ሰው፣ እነዚህ ማስታገሻዎች ኩላሊት ላይ ጉዳት ሊያደርሱ ይችላሉ፤ ግፊትም ይጨምራሉ፤ የልብ ድካምም ያባብሳሉ። አፍንጫ የሚከፍቱት አንዳንድ የጉንፋን ክኒኖችም የደም ሥር ስለሚያጠብቡ ግፊት ይሰቅላሉ። ፓራሲታሞል ይሻላል። እሱም ቢሆን ለአዋቂ ሰው ባለ 500 ሚሊግራሙ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም፣ ጉበቱ የታመመ ሰውማ ከዚያም ያነሰ ነው። የጉንፋን ክኒኖች ውስጥም ብዙ ጊዜ ፓራሲታሞል አለ፤ ሁለቱን ደርቦ የሚውጥ ሰው ሳያውቅ መጠኑን ያልፋል። ስለዚህ ፋርማሲ ስትገቡ መጀመሪያ «የግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ» በሉ።

ሳንባ። እኛ ዳር ያለነው ሰዎች ሳንባችንን የሚፈትን ነገር አላጣንም። ኮረኮንቹ አቧራ አለ፣ ከአቃቂ እስከ ገላን የከባድ መኪናው ጭስ አለ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከሰሉ በረንዳ ላይ፣ ዝናብ ከሆነም ቤት ውስጥ። የአየር ቧንቧችን ውስጡ በዓይን በማይታዩ ፀጉር መሰል ነገሮች የተሸፈነ ነው። አክታውን ከነያዘው ቆሻሻና ጀርም ወደ ላይ እየጠረጉ ያወጡታል። ለብዙ ዓመታት በማገዶ ጭስ ውስጥ ምግብ ያበሰሉ እናቶችና ሲጋራ የሚያጨሱ ሰዎች ይህ መጥረጊያ ተጎድቶባቸዋል። ብዙዎቹም «ሳሌ የተለመደ ነው» እያሉ የሚኖሩት ምርመራ ያላገኘ የሳንባ በሽታ ስላለባቸው ነው። ቫይረስ ሲመጣ የቀረውንም መጥረጊያ ይጨርሰዋል።

አስም ያለበት ሰው ቧንቧው ድሮም የተቆጣ ነው። ለሌላው አፍንጫ ከማፍሰስ የማያልፈው ራይኖቫይረስ እሱን ሌሊት ተቀምጦ ሊያሳድረው ይችላል፤ የሕፃናት አስም ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው ያለው ቫይረስ ነው። የሚገርመው፣ በኮሮና ጊዜ በደንብ የሚታከም አስም እንደተፈራው ትልቅ አደጋ ሆኖ አልተገኘም። በኢንፍሉዌንዛ ግን አስም ያለባቸው ሰዎች በርትቶባቸው ይታያል። እዚህ ላይ የየቀኑ ፓፍና (በአፍ የሚሳበው መድኃኒት) የችግር ጊዜ ፓፍ ልዩነት ይገባችሁ። ሳልቡታሞል ቧንቧውን ለጊዜው ይከፍታል፣ መቆጣቱን ግን አያበርድም። የሚያበርደው በየቀኑ የሚወሰደው ነው፣ እንደ ቤክሎሜታሶን ያለው። ሰው ደህና ሲሆን የሚያቆመው እሱን ነው፤ ከዚያ ቫይረሱ ቧንቧው እንደተቆጣ ያገኘዋል።

የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ መታጠንስ? አፍንጫው ለታፈነ ጤነኛ ሰው ቀለል ሊለው ይችላል። አስም ላለበት ግን ጠንካራ ሽታውና እንፋሎቱ ራሱ ሊያስነሳበት ይችላል። ኅዳር 12 ቀን የሰፈሩ ቆሻሻ ሲቃጠልም እንዲሁ፤ የአስም ሕመምተኛ ያላችሁ ያን ቀን መስኮታችሁን ዝጉ።

ኅዳርን ካነሳሁ አይቀር፣ ያ ጭስ የመጣበትን የ1911ዱን የኅዳር በሽታ ሳልጠቅስ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1918 ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። የሚለየው ነገር ጤነኛ ጎልማሶችንም በገፍ መጨረሱ ነው፤ «እኔ ምንም የለብኝም» ማለት ሁልጊዜ ዋስትና አይሆንም። በዚያ ወረርሽኝ ከሞቱ ሰዎች የተወሰዱ የሳንባ ናሙናዎች ሲመረመሩ አብዛኞቹ ሰዎች የሞቱት ቫይረሱን ተከትሎ በገባ ባክቴሪያ፣ በሳንባ ምች መሆኑ ታየ። ቫይረሱ የቧንቧውን ሽፋን ይገሽልጠዋል፣ ባክቴሪያው በተከፈተው ይገባል። ዛሬም መንገዱ ይኸው ነው። ምልክቱን ያዙልኝ፦ ሰውየው በሦስት በአራት ቀን ተሻለው፣ ተነስቶ ቡና ጠጣ፣ ከዚያ ድንገት ትኩሳቱ ተመለሰ፣ ሲተነፍስ ደረቱን ወጋው፣ አክታው ተቀየረ። «አገረሸበት» ብላችሁ አትተኙ፣ ይህ አዲስ በሽታ ሊሆን ይችላል። አሞክሳሲሊን የሚጠቅመው እንግዲህ እዚህ ጋ ነው፣ ሐኪም አይቶ ሲያዝ። በመጀመሪያው ቀን «ለማንኛውም» ተብሎ የሚዋጠው ቫይረሱን አይነካውም።

ኩላሊታቸው የደከመ፣ በተለይ እጥበት ላይ ያሉ ሰዎች፣ የመከላከል አቅማቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ ትኩሳት እንኳ ላያሳዩ ይችላሉ። ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሰዎች መድኃኒታቸውን በሥርዓቱ ከወሰዱና ቫይረሱ ከታፈነ አደጋቸው በእጅጉ ይቀንሳል፤ ያቋረጡትና ሲዲፎራቸው (የመከላከያ ሴሎቻቸው ቁጥር) ከ200 በታች የወረደ ሰዎች ግን ለብቻቸው የሚታዩ ናቸው። ነፍሰ ጡሮችም ይጠንቀቁ።

አንድ የኛ አገር ጉዳይ ልጨምር። አሜሪካ ያለው ዘመድ ጣት ላይ የሚደረግ የኦክስጅን መለኪያ ልኮ፣ ከዚያ በስልክ «ከ95 በታች ከሆነ ሆስፒታል ውሰዷቸው» ይላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ስለዚህ እዚህ ጤነኛ ሰው 93 ወይም 94 ቢያሳይ አይገርምም። ቁጥሩ ከ90 በታች ከሆነ ግን ክርክር የለውም፣ ድንገተኛ ክፍል ነው። መለኪያው ያላችሁ በደህና ቀን ለኩና የራሳችሁን ቁጥር እወቁ፤ 94 የነበረ ሰው 91 ሲሆን ያኔ ይታወቃችኋል። የጥፍር ቀለምና ቀዝቃዛ ጣት ቁጥሩን ያዛባሉ። መለኪያ የሌለው ሰው ደግሞ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ የሚያለከልክ፣ ከንፈሩ የሚጠቁር፣ ግራ የሚጋባ ታማሚ ካየ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ለመከላከል ከሁሉ በፊት ማወቅ ነው። በአፍሪካ ስኳር ካለባቸው አዋቂዎች ከግማሽ በላዩ እንዳለባቸው አያውቁም። ግፊትም ድምፅ የለውም። ጤና ጣቢያ ሄዶ መለካት ግማሽ ቀን ቢወስድ ነው፣ ወረፋው ቢያስመርርም።

ከዚያ አየር። ከቱሉ ዲምቱ ጠዋት በሚኒባስ ስንወርድ መስኮት የከፈተ ሰው ያለበትን ተቃውሞ ታውቁታላችሁ። «ብርድ ሊገለን ነው እንዴ? ዝጋው!» ብርድ ቫይረስ አይፈጥርም። ተዘግቶ፣ ተጠጋግቶ፣ አንዱ የተነፈሰውን ሌላው እየሳበ አንድ ሰዓት መሄድ ነው የሚያስተላልፈው። አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው አፍንጫቸው ላይ ቢያደርጉና መስኮቱ አራት ጣት ቢከፈት ለሁሉም ይሻላል። ያመመው ሰውም ስኳርና አስም ያለባቸውን «ልጠይቅ» ብሎ አይሂድ፤ ይደውል። ሲሻለው ይደርሳል።

ኮሮናን በሚመለከት ክትባት ያልተከተቡ፣ ወይም ከተከተቡ የቆዩ ሰዎች ጤና ጣቢያ ይጠይቁ። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በየዓመቱ የሚሰጥ ነው፤ የሚቆይ ሕመም ላለበት ሰው ይመከራልና በቀጠሮ ቀን ሐኪሙን «የት አገኛለሁ?» ብሎ ማንሳት ነው።

በመጨረሻ መድኃኒታችሁን ተመልከቱ። እኛ ሰፈር ክረምት ሲገባ መንገዱ ይጨቀያል፣ ታክሲ ይጠፋል፤ ሰው ቀጠሮውን «ዝናቡ ሲያባራ» እያለ ይገፋዋል። ክኒኑ ያልቃል፣ ስኳሩና ግፊቱ ከፍ ይላል፤ ጉንፋኑም የሚመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ሰኔ ላይ ቀጠሮ ስትሄዱ የሁለት ወር ይሰጠን በሉ፤ ከተቻለ ይሰጧችኋል። እዚያው ቁጭ እንዳላችሁም ሐኪሙን «ጉንፋን ቢይዘኝ የትኛውን ክኒን ልቀጥል፣ የትኛውን ላቁም፣ ስንት ሲሆን ልምጣ?» ብላችሁ ጠይቁትና መልሱን በአማርኛ፣ ልጆቻችሁ በሚያነቡት ጽሑፍ፣ የቀጠሮ ካርዱ ጀርባ ላይ አስጽፉት።